በአረንጓዴ ቀለም የተጻፉ አስተያየቶች

ወይዘሮ ውባለም የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ናቸው። ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣሉ። የባለቤታቸውን ገላ በሞቀ ውኃ ያብሳሉ፣ ጎናቸውን ያገላብጣሉ፣ አጥሚት በማንኪያ ያጠጧቸዋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከአዲሱ ገበያ ወደ ቀጨኔ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለችውን የቆርቆሮ ሱቃቸውን ይከፍታሉ። መጻሕፍት ያከራያሉ። ስድስት ሰዓት ላይ ዘግተው ወደ ቤት ይመለሳሉ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደግመው ይከፍታሉ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋሉ። ከእሑድ በቀር ይህ አይለወጥም።

በዚህች ሱቅ ውስጥ በሌላ አከራይ ዘንድ ያላየሁት ሥርዓት አለ። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ጀርባ ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር በሲባጎ ታስሯል። መጽሐፉን የመለሰ ሰው የተሰማውን ይጽፍበታል፤ የጻፈ ሰው ለሚቀጥለው መጽሐፍ አንድ ቀን በነጻ ይጨመርለታል። አንድ ቀን ለማትረፍ ሲል ብቻ «ጥሩ ነው» ብሎ የሚሄድ ሞልቷል። ከመጽሐፉ ይልቅ ደብተሩን ለማንበብ የሚከራይም አለ።

ባለቤታቸው አቶ ዓምሃ በአንድ ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት በአራሚነት ሠርተዋል። የሌሎችን ስሕተት ሲለቅሙ የኖሩት እኚህ ሰው ከዘጠኝ ዓመት በፊት የራሳቸውን መጽሐፍ ጽፈው በብዕር ስም አሳተሙ። ርእሱ «ገና ሲደርስ በሩን ዝጋ» ይላል። ደራሲው ማን እንደሆነ ከባለቤታቸው በቀር በሰፈሩ ያወቀ አልነበረም። ታሪኩ አስቂኝ ነው። አቶ ድንቁ የተባለ ሰው የገናን ግርግር ለማምለጥ «ዘንድሮ በዓሉን ላሊበላ ነው የማከብረው» ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ ይሰናበታል፤ ከዚያ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ይደበቃል። ጎረቤቶቹ ግን አስቀድመው ስለታቸውን በእጁ ልከዋል፤ ጧፍ ያልሰጠው፣ ጃንጥላ ያላሸከመው የለም። ለፈውስ የሚቀቡትን የደብሩን አፈር፣ እምነቱን፣ ከጠበል ጋር እንዲያመጣላቸውም አደራ ብለውታል። ሰውዬው በሦስተኛው ቀን በጨለመ ቤቱ ውስጥ የጓሮውን አፈር በወንፊት ሲነፋ እናገኘዋለን።

መጽሐፉ ሲታተም ገዢ አላገኘም። በካርቶን ታሽጎ ከአልጋ ሥር ተቀመጠ። ከሁለት ዓመት በፊት አቶ ዓምሃ በድንገት ወደቁ፤ ቀኝ ጎናቸው በድን ሆነ፣ አንደበታቸው ተዘጋ። መስማትና ማስተዋል ግን አልተለያቸውም። ወይዘሮ ውባለም ከካርቶኑ አንድ ቅጂ አውጥተው፣ ደብተር አስረው ከሌሎቹ መጻሕፍት መካከል የደረደሩት ባለፈው ክረምት ነው። ዓላማቸው ገንዘብ አልነበረም። ባላቸው ሰው ሲስቅላቸው ሳይሰሙ እንዳይሞቱ ነው።

ሰውም ሳቀ። አንድ የታክሲ ረዳት እንዲህ ጻፈ፦ «ስስቅ ሁለት ሰው ሳላስከፍል ወረደ። ደራሲው ይክፈለኝ።» አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ፦ «ሥራ ቦታ እንዳታነቡት። ሕፃኑ ክትባት ተወግቶ ያለቅሳል፣ እኔ ትዝ ብሎኝ እስቃለሁ፣ እናትየዋ ልትማታ ምንም አልቀራት።» አንድ ዲያቆን፦ «በቅዱስ ስፍራ ስም መዋሸት በደል ነው። ምዕራፍ ሰባትን ግን ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ።» በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ችግኝ የምታፈላው ቦንቱ ደግሞ፦ «የጓሮ አፈር ለሕመም አይሆንም፤ ለጽድ ችግኝ ግን ጥሩ ነው። አቶ ድንቁ ይምጣና ሥራ እንሰጠዋለን።»

ማታ ማታ ወይዘሮ ውባለም ደብተሩን ይዘው ከአልጋው ጠርዝ ይቀመጣሉ። አቶ ዓምሃ በግማሽ አፋቸው ይስቃሉ፣ ዐይናቸው ያነባል። አንባቢው ዓረፍተ ነገር ካጣመመ ግራ እጃቸውን አንሥተው በአየር ላይ በጣታቸው ይሰርዛሉ፤ የአራሚነት ልማድ አልለቀቃቸውም።

አንባቢው ሁሉ አብዝቶ የሚስቀው በምዕራፍ ሰባት ነው። ምዕራፉ ስለ ገና ቅርጫ ነው። አባወራዎቹ በሬውን አርደው ሥጋውን በየመደቡ ከደለደሉ በኋላ እያንዳንዱ ለዕጣ የሚሆን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ቀለበት፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የሳጥን ቁልፍ። ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ከፊቱ ባገኘው መደብ ላይ ሁሉ አንድ አንድ ያስቀምጣል። በመጽሐፉ ውስጥ የቅርጫው አለቃ ሆዳም ሽማግሌ ነው። ሌላው በአንድ ምልክት ሲገባ እርሱ በሁለት ይገባል፤ በቀለበትና በአንድ የነሐስ አዝራር። አዝራሩም በየዓመቱ ሻኛ ካለበት መደብ ላይ ያርፋል። «አዝራሩ አፍንጫ አለው» ይላል ደራሲው። ይህች አነጋገር በሰፈሩ ተዛመተች፤ ወጣቶች ታክሲ ላይ ለሚጋፋ ሰው ሳይቀር «ይሄኛው አዝራር ነው» ይሉ ጀመር።

የገና ጾም በገባ በሳምንቱ ደብተሩ ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ፣ በተዋበ የሴት እጅ ጽሑፍ አንድ አስተያየት ታየ።

«ምዕራፍ ሰባት እውነት ነው። ደራሲው ከየት አየው?»

ወይዘሮ ውባለም ይህን ለባላቸው አነበቡ። አቶ ዓምሃ ሳቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን በዚያው ቀለም የተጻፈውን ሱቃቸው ውስጥ ቆመው ካነበቡ በኋላ ደብተሩን ዘግተው ተቀመጡ።

«በዚያ ቅርጫ ላይ ዐሥራ ሁለት አባወራ ነበርን። አራቱ ሞተዋል። ሦስቱ ሰፈር ለቀዋል። አምስት ቀረን። እኔ አልጻፍኩትም። አራት።»

መጽሐፉን ሁለቱንም ጊዜ የተከራየችው ሄርሜላ ነበረች። ሄርሜላ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አዲሱ ገበያ ከታክሲ ማዞሪያው አጠገብ ባለ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ከአያቷ ከአቶ ጌቱ ጋር ትኖራለች። አቶ ጌቱ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ናቸው። የሞተን ሰው ለማስቀበር ድንኳኑ የሚወጣው፣ ጥሩምባው የሚነፋው፣ ወጣቱ ቃሬዛ ሊሸከም የሚጠራው በእርሳቸው ቃል ነው።

ሄርሜላ ለሦስተኛ ጊዜ መጽሐፉን ልትወስድ ስትመጣ ወይዘሮ ውባለም ጠየቋት።

«ልጄ፣ ይህን የምትጽፊው አንቺ ነሽ?»

«እጁ የኔ ነው እትዬ። ቃሉ የአባባ ነው። ዐይናቸው ደክሟል፤ እኔ ነኝ የማነብላቸው።»

«ጋሽ ጌቱ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ልብ ወለድ ያማራቸው?»

ሄርሜላ አልሳቀችም። «መጀመሪያ ያማረው እኔን ነው። ሰው ሁሉ አዝራር አዝራር ሲል ምንድነው ብዬ ተከራየሁ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ እሱን ቦታ ስደርስ ሳቄ አላስጨርስ አለኝ። አባባ መጽሐፉን አስዘጉኝ። ተነሥተው ከሣጥናቸው አንድ አዝራር አመጡና መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ‹ይህ የማን ይመስልሻል?› አሉኝ።»

«የማን ነው?»

«የአባቴ። እሳት ለማጥፋት ገብቶ ሲቀር ከለበሰው ኮት የተረፈው እሱ ብቻ ነበር። እኔ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባባ ከዚያን ዓመት ጀምሮ ሁለት ዕጣ ነው የሚጥሉት፣ የሁለቱንም እየከፈሉ። ቀለበቱ የራሳቸው ነው። በአዝራሩ የወጣው መደብ ለኔና ለእናቴ ነበር የሚመጣው። ለማንም ነግረው አያውቁም። ሆዳም የተባሉት በኔ ድርሻ ነው እትዬ።»

ወይዘሮ ውባለም የደብተሩን ሲባጎ አጠበቁ። «የጻፈውን ሰው ቢያገኙት ምን ያደርጉታል?» አሉ።

«እንጃ። አባባ ሲናደዱ ይጮኻሉ፣ እርስዎም ያውቋቸዋል። አሁን ግን አይጮኹም። ቁጭ ብለው ይቆጥራሉ።»

ወይዘሮ ውባለም ያን ቀን መጽሐፉን ከመደርደሪያው ሊያነሡት አሰቡ፤ ቢያነሡት ግን የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ በዚያው ይታወቃል። ስለዚህ በቦታው ተዉት። አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ የባላቸው ሐኪም ወደ ኮሪደር ጠርቷቸው፣ «ሕመሙ ደግሞ ከመጣባቸው አይመለሱም፤ ዘመድ ካለ ይወቅ» ብሏቸዋል። ዘመድ የለም። ልጅ አልወለዱም። ለአቶ ዓምሃ ድንኳን የሚተክል፣ ሬሳቸውን ወደ መድኃኔ ዓለም የሚሸከም ዕድሩ ብቻ ነው። የወይዘሮ ውባለም ሌላው ፍርሃት ደግሞ ከዚህም የቀረበ ነበር፤ ሰውን ለማሳቅ የጻፉት ነገር በአንድ የሞተ ሰው ድርሻ ላይ መሳለቅ እንደነበር አቶ ዓምሃ ቢያውቁ፣ ሐኪሙ የፈራውን ያን ነገር ያመጣባቸዋል።

ስለዚህ ማታ ማታ ያልተጻፈውን ያነቡላቸው ጀመር። ደብተሩን ገልጠው፣ በአረንጓዴ የተጻፈውን እያዩ፣ ከራሳቸው ይፈጥራሉ፦ «ይህ መጽሐፍ ለኅብረተሰባችን ታላቅ ትምህርትና መዝናኛ የሚሰጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።» አቶ ዓምሃ በመጀመሪያው ምሽት ፈገግ አሉ። በሁለተኛው አላሉም። ለሠላሳ ዓመት የሰውን ጽሑፍ ያረሙ ሰው ናቸው፤ ከታክሲ ረዳት አፍ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ዓረፍተ ነገር እንደማይወጣ ያውቃሉ። ግራ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ላይ አልተነሣም፤ የሚሰረዝ አልነበረም። ባለቤታቸውን ትኩር ብለው ብቻ አዩዋቸው።

ሦስተኛው አረንጓዴ አስተያየት አጭር ነበር። «ከአራቱ አንዱ ፊደል አልቆጠረም። ሦስት።»

አራተኛውም። «አንዱን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አስማልኩት። አመንኩት። ሁለት።»

የቀሩት ሁለቱ አቶ ዓምሃና ልብስ ሰፊው ብርሃኔ ነበሩ። ወይዘሮ ውባለም ከዚያን ቀን ወዲህ ሱቃቸው ውስጥ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው መቀመጥ አበዙ። ታኅሣሥ ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ሰው የመጣ እየመሰላቸው ይነሡ ነበር። በሱቁ ፊት የሚያልፉ የዕድሩ ሰዎች ሰላምታ አላጓደሉም። አቶ ጌቱም አንድ ቀን በከዘራቸው ተደግፈው ሲያልፉ ቆም ብለው፣ «ዓምሃ እንዴት አደረ?» አሉ፤ «እንዳለ ነው» ሲሏቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወረዱ። ይህን ጥያቄ ለሁለት ዓመት ሲጠይቁ ኖረዋል። ወይዘሮ ውባለም ግን ያን ቀን ሱቁን ዘግተው ቤት ድረስ ሄደው ባላቸውን አይተው ተመለሱ።

አምስተኛው አስተያየት የተገኘው በዚህ ሳምንት ሰኞ፣ ለገና ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው።

«ዓምሃ ጨዋ ነው፤ ዛሬም በአልጋ ላይ ነው። ልብስ ሰፊው ነው። አዝራርን ከልብስ ሰፊ በቀር ማን ልብ ይላል? እሑድ በጉባኤ።»

ወይዘሮ ውባለም ይህን ሲያነቡ መጀመሪያ የተሰማቸው ዕረፍት ነበር። ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ሳይደብቁ፣ ግን ቀና ብለው ሳያዩኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ብርሃኔ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ብቻውን ይኖራል፤ በሰፈሩ ያላሳጠረው ሱሪ የለም። በእጁ የዕድሩን ደብዳቤ ይዟል።

«ውባለም፣ እኔ መጽሐፍ ጽፌአለሁ አሉ፤ ሰምተሻል?»

«ምን?»

«ደራሲ ሆኛለሁ። እንኳን ደስ ያለህ በይኝ እንጂ!» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «እሑድ ቀርበህ መልስ ስጥ ይላል። ካመንኩ ከቅርጫ ውጪ ነኝ፤ ከካድኩ ደግሞ ከዕድሩም ተሰርዣለሁ። እስቲ አከራዪኝና ምን ብዬ እንደጻፍኩ ልየው።»

«አንብበህ ምን ይጠቅምሃል?»

«ቢያንስ ስሰደብ በምን እንደምሰደብ ልወቅ። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ መጽሐፍ ይዤ አላውቅም፤ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ አታስቸኩይኝ።»

ወይዘሮ ውባለም መጽሐፉን ሰጡት። ስሙን በመዝገብ ሲያሰፍሩ ሁለት ጊዜ ሰርዘው እንደገና ጻፉት። ብርሃኔ ይህን አይቶ፣ «በርዶሻል፤ ጋቢ ደርቢ እንጂ» አላቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መለሰው። ዐይኑ ቀልቷል።

«ሳቅኩ» አለ። «ልዋሽሽ አልችልም፤ ሳቅኩ። አፈሩን ሲነፋ ጊዜ መርፌ እጄ ላይ ተሰካ። አረንጓዴውንም አነበብኩት፤ ደብተሩ አብሮ ነበር። አዝራሩ የማን እንደሆነ ደግሞ ከሄርሜላ ሰማሁ። እኔ እኮ ለአባቷ ኮት ሰፍቼለት ነበር፣ ለሠርጉ። ሰው ይህን አውቆ አይጽፍም።»

«አንተ አለመጻፍህን ለጋሽ ጌቱ ንገራቸው።»

«ነገርኳቸዋ! ‹አውቀው የሠሩ ሁሉ አላወቅንም ነው የሚሉት› አሉኝ። እኔ ስሞት የሚያነሣኝ ማን ነው ውባለም? የስፌት መኪናዬ?»

ከዚያ በሱቁ እርሳስ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል ጻፈ። ወይዘሮ ውባለም እርሱ ከሄደ በኋላ አነበቡት። «እኔ አልጻፍኩትም። የጻፈው ሰው ግን ክፉ አይመስለኝም። የማያውቀውን ነገር የጻፈ ሰው ነው። ብርሃኔ፣ ልብስ ሰፊ።»

ያን ቀን ከዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብለው ዘጉ። ቤት ገብተው ባላቸውን በትራስ ደግፈው አስቀመጡ፣ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጡ፣ ደብተሩን ከመጀመሪያው አረንጓዴ አስተያየት ጀምረው አንድም ቃል ሳይቀይሩ አነበቡላቸው። አዝራሩ የማን እንደነበር ነገሯቸው። ሁለተኛው መደብ ወደ ማን ቤት ይሄድ እንደነበር ነገሯቸው። የራሳቸውን ፈጠራም አልሸሸጉም።

«ዋሽቼሃለሁ ዓምሃ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያነበብኩልህ የኔ ነበር።»

አቶ ዓምሃ ይህንንስ ያውቁ እንደነበር በዐይናቸው አሳዩ። የብርሃኔ አስተያየት ሲነበብ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ግራ እጃቸውን አነሡ። ወይዘሮ ውባለም የሚሰርዙ መስሏቸው ደብተሩን አቀረቡላቸው፤ እርሳቸው ግን ደብተሩን ገፍተው ጣታቸውን በደረታቸው ላይ አሳረፉ፣ እንደገናም አነሡና ወደ በሩ ዘረጉት። ሁለቴ እንዲህ አደረጉ። ትንፋሻቸው አጥሮ ስለነበር ወይዘሮ ውባለም አስተኟቸው፤ እስኪረጋጉም ድረስ እጃቸውን ይዘው ቆዩ።

ትናንት ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ አቶ ጌቱ ግቢ ሄዱ። አቶ ጌቱ ፀሐይ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው ነበር፤ የዕድሩ መዝገብ ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ጋሽ ጌቱ፣ እሑድ በጉባኤው የምናገረው ስላለኝ ስሜን ይያዙልኝ።»

«ስለ ብርሃኔ ልታማልጂ ከሆነ አትድከሚ።»

«ስለ ብርሃኔ አይደለም። ስለ ቤቴ ነው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩአቸው። ከዚያ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፤ ስማቸውን ከመዝገቡ ግርጌ በዝግታ፣ በትልልቅ ፊደል አሰፈሩ።

«ዓምሃ እንዴት አደረ?» አሉ፣ መዝገቡን ሳይዘጉ።

ወይዘሮ ውባለም በዚህ ጊዜ «እንዳለ ነው» አላሉም። «መጥተው ይዩት» ብለዋቸው ወጡ። አቶ ጌቱ እስከ ዛሬ ማታ ድረስ አልመጡም።

ይህን ስጽፍ ቅዳሜ ነው። ወይዘሮ ውባለም ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በዕድሩ አዳራሽ ተገኝተው የደራሲውን ስም እስከ አያቱ ሊጠሩ ወስነዋል። መጽሐፉን ከካርቶን አውጥተው ለሰው የሰጡት እርሳቸው መሆናቸውንም ይናገራሉ። አቶ ጌቱንና ሄርሜላን በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ይጠይቃሉ። ስለ ባላቸው ሕመም፣ ሐኪሙ ስላለውም ሆነ ስለ ቀብር አንድ ቃል እንደማያነሡ ግን ለራሳቸው ቃል ገብተዋል፤ የሚፈርዱት ሰዎች አዝነው ሳይሆን አውቀው እንዲፈርዱ።